የሞተሩ ክዳን ምን ደበቀብን? የአዳማ መካኒክ መልሶች

አዳማ ውስጥ በመካኒክነት እሠራለሁ። ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር ሞተሩን ስለሚሸፍነው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን የማይጠይቀኝ ባለመኪና የለምና፣ ዛሬ ጥያቄያችሁን ሁሉ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ፔጆ 504 ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የእኔ መኪና ግን ፕላስቲክ ብቻ ነው። ራሳችን እንዳንጠግን ሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም?

መልስ፦ ሊደብቁን ቢፈልጉ ኖሮ በእጅ ስበን በምናነሣው ክዳን አይሸፍኑትም ነበር። አብዛኛው በአራት የጎማ መያዣዎች ላይ ብቻ የተቀመጠ ነው። ዋናው ምክንያት ድምፅ ነው። የድሮው ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ቤንዚኑን በአየሩ ስበት ነበር የሚያገኘው። የዛሬው ናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን ከ1,500 ባር በሚበልጥ ግፊት ይረጫል፤ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትም እስከ 200 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ነዳጁን የሚረጨው ኢንጄክተር በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደ ስፌት መኪና ይንጣጣል። ክዳኑን ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ ስፖንጅ ታገኛላችሁ፤ ሥራው ይህን ድምፅ መዋጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መልክ ነው፤ ይህን አልክድም። የአባትዎም መኪና ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተራቆተ አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ ሞተሮች ካርቡሬተሩ ላይ ትልቅ የአየር ማጣሪያ ይቀመጥባቸው ነበር። እሱ ወደ ጎን ሲዛወር የሽቦና የቱቦ ውጥንቅጥ አደባባይ ወጣ። ሽቦውን አሳምሮ ከማስተካከል ይልቅ በአንድ ፕላስቲክ መሸፈን ይረክሳል።

ጥያቄ፦ የአዳማ ሙቀት ከባድ ስለሆነ ክዳኑን አውጥቼ ብነዳስ?

መልስ፦ ሞተሩ አይጎዳም፣ ግን አይቀዘቅዝልዎትም። ሙቀቱን የሚያወጡት ውሃው፣ ራዲያተሩና ዘይቱ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ከፍ የሚል ከሆነ ራዲያተሩን፣ ቬንትሌተሩንና ቴርሞስታቱን ያስፈትሹ። ፕላስቲኩን መውቀስ ገንዘብ ስለማያስወጣ ይወደዳል፤ በሽታው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። ወፍራም የአየር ቱቦ ከተሰካበት ክዳን ብቻ አይደለም፣ የአየር ማጣሪያው ቤት ነው። አንዳንድ የቮልስዋገን ሞተሮች እንዲህ ናቸው። እሱን አውጥቶ በወንጂ አቧራ መንዳት ሞተሩን አሸዋ ማጉረስ ነው።

ጥያቄ፦ ክዳን ስላለው ላቫጆ ላይ ሞተሩን በግፊት ውሃ ቢያጥቡልኝ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! ክዳኑ ዣንጥላ አይደለም። ውሃው በጠርዙ ገብቶ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ በማግስቱ መኪናው እየተንቀጠቀጠ ይመጣልኛል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መያዣ ጎማዎቹ ስለጠፉ በሽቦ አስሬዋለሁ።

መልስ፦ ሽቦውን ይፍቱ፤ እየተንቀጠቀጠ የኤሌክትሪክ መስመር ሊልጥ ይችላል። ጎማው እስኪገኝ ክዳኑን ቤት ያስቀምጡት። ስፖንጁ ዘይት ከጠጣ ደግሞ መልሰው አይጠቀሙበት፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘይቱ ከየት እንደሚፈስም ይፈለግ። አይጥም ያን ስፖንጅ ትወደዋለች፤ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ካላችሁ አልፎ አልፎ ክዳኑን አንሡና እዩ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የሚንጣጣ ሞተር ሳይኖረው ለምን ተሸፈነ?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። እዚያ ሽፋኑ በአብዛኛው ለመልክና ለአቧራ ነው፤ ግን ከሥሩ ብርቱካናማ ገመዶች ታገኛላችሁ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄደው በእነሱ ነው። የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ጨምሩ፣ 12 ቮልቱን ባትሪ እዩ፤ ብርቱካናማውን ግን ሥልጠናውን ለወሰደ ባለሙያ ተዉለት። እኔም ሥልጠናውን ስላልወሰድኩ አልነካውም።