ጣቴ እንዳይታመም ምን ላድርግ ላልሽው

እህቴ፣ «የደም ስኳሬን ለመለካት በቀን አራት ጊዜ እየወጋሁት ጣቴ ቁልፍ መያዝ እንኳ አቅቶታል፤ አንዳንድ ቀን ፈርቼ ሳልለካ እውላለሁ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የዛሬ 14 ዓመት የነበርኩት እኔ ትዝ አልኩኝ። እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሕመሙን የበሽታው ዕዳ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ለካ አብዛኛውን ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ዋናው ስሕተቴ ቦታው ላይ ነበር። የምወጋው የጣቴን ጫፍ መሃሉን፣ ዕቃ ስንዳስስ የሚነካውን ለስላሳውን ክፍል ነበር። የመዳሰሻ ነርቮች ጥቅጥቅ ብለው ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። አሁን የምወጋው ጎኑን፣ ከጥፍሩ ጠርዝ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ደሙ አይቀንስም፤ ሸሚዝ ስቆልፍም የተወጋው ቦታ አይነካብኝም። ብዙ የምንሠራባቸውን አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን ትቻቸዋለሁ። የቀሩት በየእጁ ሦስት ሦስት ጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ጎናቸው ሲቆጠር 12 ቦታ ይሆናል። በቀን አራት ጊዜ የምትለኪ ከሆነ ተራ ካስያዝሻቸው አንዱ ቦታ ሦስት ቀን ያርፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። ጣታችንን የምንወጋበት መሣሪያ፣ መውጊያው፣ ጫፉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር ክፍል አለው። የእኔው መጨረሻው ቁጥር 5 ላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወጋኝ ኖሯል፤ ያየልኝም የነገረኝም አልነበረም። ከ1 ጀምሪና ደም እምቢ ሲል ብቻ አንድ አንድ ጨምሪ። እኔን 2 ይበቃኛል። ስትወጊ ጣትሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊው፤ መውጊያውንም ጠበቅ አድርገሽ አስደግፊው።

መውጊያው ውስጥ ያለችውን መርፌ በወጋሽ ቁጥር ቀይሪ። ለመቆጠብ ብዬ አንዷን ሳምንት የምጠቀምባት ጊዜ ነበር፤ ጫፏ ሲደንዝ ቆዳውን መብሳቷ ቀርቶ ትቀደዋለች። የውፍረቷ ቁጥር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ 33 ከ28 ይቀጥናል። ይሁን እንጂ በቀጭኗ ሁለት ጊዜ ከመወጋት ትንሽ ወፈር ባለችው አንድ ጊዜ መወጋት ይሻላል።

ደም አልወጣ ብሎሽ የጣትሽን ጫፍ የምትጨምቂ ከሆነ ተይው። ያበልዘዋል፤ ከደሙ ጋርም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ቀላቅሎ ልኩን ሊያዛባብሽ ይችላል። ይልቅ እጅሽን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂ፤ ከዚያ ክንድሽን ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ታች አንጠልጥለሽ ከመዳፍሽ ወደ ጣትሽ ቀስ እያልሽ አሻሺው። አልኮል በየጊዜው መቀባት ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ሳይደርቅ ከተወጋ ደግሞ ያቃጥላል። መታጠቡ ለሌላም ይጠቅማል፤ አንድ ቀን ብርቱካን ልጬ ሳልታጠብ ለካሁና 268 አየሁ። ደንግጬ ታጥቤ ስደግመው 131 ሆነ። በመጀመሪያው ቁጥር ኢንሱሊን ወግቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከክንድ ላይ መለካት የሚፈቅዱ መሣሪያዎች አሉ፤ ሕመሙም ያነሰ ነው። ነገር ግን ከምግብና ከስፖርት በኋላ የክንዱ ደም ከጣቱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ላብ ላብ ካለሽ ወይም ከተንቀጠቀጥሽ፣ ስኳርሽ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ከጣትሽ ብቻ ለኪ።

ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚውለው መለኪያ አቅም ለፈቀደለት ትልቅ እፎይታ ነው። የሚለካው ግን ደምን ሳይሆን በሕዋሶች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚሰማሽና የሚያሳይሽ ካልተስማሙ ወደ ጣት መመለስሽ አይቀርም። አራት ጊዜ መለካት ያስፈልገኛል ወይ የሚለውን ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በራስሽ አትቀንሺ። መውጊያሽንም ለቤተሰብ ቢሆን አታውሺ፤ የጉበት ቫይረስ በዚህ ይተላለፋል።

እስቲ አሁኑኑ መውጊያሽን አንሺና እዪልኝ፤ ስንት ቁጥር ላይ ነው ያለው?