የመጨረሻውን ጨዋታ ልተወው? ለአንድ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ወንድሜ፣

ጥያቄህ የብዙ ወጣቶች ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ሌሎችም እንዲያነቡት ሁኔታህን ስምህን ሳልጠቅስ ባጭሩ ላስቀምጥ። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ባለ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። በፉትቦል ቡድኑ ላይንባከር (ከመከላከያው የፊት መስመር ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ሆነህ ትጫወታለህ፤ እግር ኳሱን ሳይሆን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ማለቴ ነው። ቋሚ ተሰላፊ የሆንከው ዘንድሮ ብቻ ነው። ቡድንህ ሰባት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ በዲሴምበር መጨረሻ አንድ የቦውል ጨዋታ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ የተጋባዦች ጨዋታ) ቀርቶታል፤ ይህም ለአገር አቀፉ ዋንጫ የማያበቃ ነው። አንድ ኤጀንት (የተጫዋቾች ወኪል) የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ስለሚመርጡበት ድራፍት አንስቶ «ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ዙር ትመረጣለህ፤ አትጫወት፣ ራስህን ቆጥብ» ብሎሃል። አሰልጣኝህ ደግሞ ቡድኑን እንዳትተው ለምኖሃል። አባትህ «ኳሱን ተወውና ዲግሪህን ያዝ» ብለውሃል። ከኦክቶበር ወዲህ ቀኝ ጉልበትህን እያመመህ ሁለት ጊዜ የማደንዘዣ መርፌ ተወግተህ ገብተሃል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ጨዋታውን መተው የሚያዋጣው ዋጋው ከወዲሁ ለተቆረጠለት ተጫዋች ነው። ያንተ ዋጋ ገና አልተቆረጠም። ስለዚህ ከቡድኑ ጋር ግንኙነት የሌለው ሐኪም ጉልበትህን አይቶ «ያለ መርፌ መጫወት ትችላለህ» ካለህ ተጫወት። ካላለህ አሰልጣኝህም ሆነ ጓደኞችህ ምንም ቢሉ አትግባ።

ራስን መቆጠብ ክህደት ነው የሚሉህን አትስማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የኤልኤስዩው (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሌናርድ ፎርኔት እና የስታንፎርዱ ክርስቲያን ማካፍሪ የቡድኖቻቸውን የቦውል ጨዋታ እንደማይጫወቱ ሲያሳውቁ ጓደኞቻቸውን ከዱ የሚል ወቀሳ ወርዶባቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ድራፍት ፎርኔት 4ኛ፣ ማካፍሪ 8ኛ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለምዷል። አሰልጣኞችም ቢሆኑ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ደመወዝ ሲያቀርብላቸው ከቦውሉ በፊት ቡድናቸውን ትተው መሄዳቸው የታወቀ ነው። ታማኝነት ከሃያ አንድ ዓመት ልጅ ብቻ ሊጠየቅ አይገባም።

እነዚያ ሁለቱ ልጆች የፈሩትን ነገር ከአንድ ዓመት በፊት በሌላ ልጅ ላይ አይተውት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 በፊዬስታ ቦውል ኖትር ዳም ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲጫወት የኖትር ዳሙ ላይንባከር ጄይለን ስሚዝ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ነርቩም ተጎዳ። ከዚያ ጨዋታ በፊት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በድራፍቱ እስከ 34ኛ ወረደ። የወሰደው ዳላስ ካውቦይስ ነው፤ 2016ን ሙሉ አልተጫወተም። ያው ዳላስ በዚያው ድራፍት በ4ኛነት የመረጠው ኢዚኪኤል ኤሊየትን ነው፤ ኤሊየት በዚያው የፊዬስታ ቦውል ለኦሃዮ ስቴት ተጫውቶ አራት ጊዜ ያስቆጠረው ልጅ ነው። ኤሊየት ለአራት ዓመት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ስሚዝ ደግሞ ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል። ሁለቱም አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ አንዱ በጤና ወጣ፣ ሌላው ተጎድቶ። ስሚዝ ኋላ አገግሞ በ2019 ለፕሮ ቦውል (የሊጉ ምርጦች ጨዋታ) እስከ መመረጥ ደርሷል፤ ያጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ታዲያ ይህን እያወቅሁ ለምን ተጫወት እልሃለሁ? ስሚዝ ከነበረበት ቁልቁለቱ ረጅም ነበር። ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተጫዋቾች ኮንትራት በተመረጡበት ቁጥር ይወሰናል። በመጀመሪያው ዙር አንድ ደረጃ መውረድ ብዙ ገንዘብ ያሳጣል፤ ከአራተኛ ዙር በታች ግን ደመወዙ ለሁሉም በአነስተኛው ወለል አካባቢ ነው፤ በ2025 ለአዲስ ተጫዋች 840 ሺህ ዶላር ነበር። የሚለያየው ሲፈርሙ የሚሰጠው ቦነስ ነው። ያንን 840 ሺህም ቢሆን የምታገኘው በኦገስት መጨረሻ በሚጣራው የ53 ሰው ዝርዝር ውስጥ ገብተህ ሙሉውን የውድድር ዘመን ከቆየህ ነው። ድራፍቱ ሰባት ዙር ሲሆን የሚመረጡት ወደ 260 ናቸው። ለድራፍት ከሚደርሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ኤንኤፍኤል የሚገቡት ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ራሱ ይናገራል። አንተ አሁን ያለኸው በዚያ በር ደፍ ላይ ነው። ስካውቶች (የክለቦች ተጫዋች መልማዮች) ያንተ ፊልም የአንድ ዓመት ብቻ ስላላቸው ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር የምታደርገው አንድ ጨዋታ ለፎርኔት ከነበረው ይልቅ ላንተ ብዙ ይመዝናል።

አደጋው የለም ግን አልልህም። የሚሺጋኑ ታይት ኤንድ (ኳስ የሚቀበልና ለጓደኞቹ መንገድ የሚከፍት አጥቂ) ጄክ በት በዲሴምበር 2016 በኦሬንጅ ቦውል የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ እስከ አምስተኛ ዙር ወርዷል። አንተ ከነበርክበት ብትወርድ ጭራሹን ላትመረጥ ትችላለህ። የቦውል ጉዳት የሚከፋው ጊዜው ነው። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ለመዳን ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል፤ በዲሴምበር ከተጎዳህ ኮምባይኑም (ሊጉ ዕጩዎችን ጠርቶ የሚፈትንበት)፣ በማርች በግቢያችሁ የሚደረገው ፕሮ ዴይም (ለስካውቶች ችሎታ የሚታይበት ቀን)፣ የመጀመሪያው የልምምድ ክረምትም አብሮ ይሄዳል። በሌላ በኩል ጉዳት ቦውልን አይመርጥም። የሳውዝ ካሮላይናው ማርከስ ላቲሞር በኦክቶበር 2012 የተጎዳው በተራ የውድድር ጨዋታ ነው። በአራተኛ ዙር ቢመረጥም አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሳይጫወት በ2014 ጫማውን ሰቀለ። አንተም በዚያው አደጋ ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ገብተህ ወጥተሃል።

በደብዳቤህ መሃል ላይ «ወይም ልግባና ቀስ ብዬ ልጫወት» ያልከው ከሁሉም አስደነገጠኝ። እባክህ ይህን ከአእምሮህ አውጣው። የሚያመነታ ላይንባከር ግጭቱን ራሱ አይመራውም፤ ሌላው ሰው ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ሲመጣ ቆሞ ይቀበለዋል። ጉልበት በዚህ አይድንም። ከዚያ በላይ ደግሞ ስካውቶች የሚያዩት ፊልም ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች የሚያሳይ ነው፤ ኳሱ በሌላ በኩል ሲሄድ መሮጥ ያቆምክበት እያንዳንዱ ቅጽበት ይቆጠርብሃል። የቡድኑን ወጌሻና የጂም አሰልጣኙን ሳይቀር ስለ ጠባይህ ይጠይቃሉ። ሙሉ ግባ ወይም ሙሉ ቅር። የቀረን ተጫዋች ክለቦች ይረዱታል፤ ገብቶ የሸሸን ግን አይረዱትም።

አሁን ስለ መርፌው። በዲሴምበር ያለ መርፌ መቆም የማይችል ጉልበት «ተው» እያለህ ነው። ሕመም ሰውነትህ የሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ አፉን ዘግተህ ከገባህ የበለጠ ስትጎዳ አታውቀውም። የቡድኑን ሐኪም መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ደመወዙን የሚከፍለው ያንተን መጫወት የሚፈልገው ወገን ነው። ኤምአርአይ ተነሣ፣ ቅጂውን በእጅህ ያዝ፣ ለሌላ የአጥንት ሐኪም አሳይ። መደበቅም አትችልም፤ ኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን ከተጠራህ የ32ቱም ክለቦች ሐኪሞች ያንኑ ጉልበት እያጠፉና እየዘረጉ ይመረምሩታል። ያልተናገርከው ጉዳት እዚያ ሲገኝ ከጉዳቱ ይልቅ መደበቅህ ያስጥልሃል። ጭንቅላትህን ተመትተህ ከደነዘዝክ ደግሞ የቱም ጨዋታ ቢሆን ወዲያው ውጣና ተናገር። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ስሌት የለም። የሳን ፍራንሲስኮው ላይንባከር ክሪስ ቦርላንድ ጥሩ የመጀመሪያ ዓመት አሳልፎ በማርች 2015፣ በ24 ዓመቱ፣ ለአንጎሉ ሲል ትቶ ወጥቷል፤ እኔ በጣም አከብረዋለሁ።

ኢንሹራንስ አንስተሃል፤ ጥሩ አድርገሃል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከእንግዲህ ጨርሶ መጫወት ካልቻልክ የሚከፍል ነው። ሁለተኛው በጉዳት ምክንያት በድራፍት ብትወርድ ልዩነቱን የሚክስ ነው፤ ጄይለን ስሚዝ ከዚህ ዓይነቱ ወደ 900 ሺህ ዶላር እንዳገኘ ተዘግቧል። ይህን ሁለተኛውን ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለታጩት ስለሆነ ላንተ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው ብዬ እገምታለሁ። ስትገዛ የጉልበትህን ታሪክ አንድም ሳትደብቅ ጻፍ። አሁን ያለብህን ጉዳት ከሽፋኑ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ከደበቅክ ግን በክፍያው ቀን ጠቅላላውን ውሉን ሊያፈርሱት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲው ፕሪሚየሙን ሊከፍልልህ የሚችልበት መንገድ አለ፤ የስፖርት ክፍሉን የኮምፕላያንስ (የደንብ ቁጥጥር) ቢሮ ጠይቅ።

ኤጀንቱን በተመለከተ፣ ስለ ዙርህ የነገረህ ግምቱን ነው። ከኮንትራትህ እስከ 3 ከመቶ የሚወስድ ሰው በጤና እንድትደርስለት መፈለጉ ያለ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ግን ምክሩን ስትመዝን ይህን አስታውስ። ቦውሉን ለመጫወት ካሰብክ ደግሞ ከጨዋታው በፊት ምንም አትፈርም፤ ለድራፍት ከሚወክልህ ኤጀንት ጋር ከፈረምክ የኮሌጅ ተጫዋችነትህ እዚያው ያበቃል። ከኤጀንቱ ግምት ይልቅ የሲኒየር ቦውል (የተመረጡ የአራተኛ ዓመት ዕጩዎች የሚታዩበት ጨዋታ) ወይም የኮምባይን ጥሪ መምጣት አለመምጣቱ የበለጠ ይነግርሃል። (ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ ዕድል አላችሁ፤ በአሰልጣኛችሁ በኩል የኤንኤፍኤል አማካሪ ኮሚቴ እንዲገመግማችሁ ጠይቁ። «አንደኛ ዙር»፣ «ሁለተኛ ዙር» ወይም «ወደ ትምህርት ቤት ተመለስ» ከሚሉት አንዱን ይነግራችኋል። ሦስተኛው ከመጣ ተመለሱ፤ ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾች ገቢ ማካፈል ስለጀመሩ መመለስ እንደ ድሮው ባዶ እጅ አያስቀርም።)

አባትህ ያሉትን የመለስክላቸው በቁጣ እንደነበር ጽፈሃል። እኔ ግን አባትህ ትክክል የሆኑበት ነገር አለ እላለሁ፤ «ተወው» በማለታቸው ሳይሆን ዲግሪውን በማስቀደማቸው። የተጫዋቾቹ ማኅበር አማካይ የኤንኤፍኤል ዕድሜን 3.3 ዓመት ያህል ነው ይላል። ዕድል ቀንቶህ አማካዩን ብትደርስ እንኳ በሃያ አምስትና በሃያ ስድስት ዓመትህ ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ። ለመመረቅ የቀሩህ ሁለት ኮርሶች ናቸው። በየዓመቱ ብዙ ልጆች በጃንዋሪ ለድራፍት ዝግጅት ወደ ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና ሲሄዱ የመጨረሻውን ሴሚስተር ትተው ይሄዳሉ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስባቸዋል። ሁለቱን ኮርሶች በኦንላይን መውሰድ ይቻል እንደሆነ አሁኑኑ ሬጂስትራሩን ጠይቅ። ሳይሆን ቢቀር ደግሞ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዚዮን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ስኮላርሺፕ ለነበራቸው ተጫዋቾች እስከ አሥር ዓመት ድረስ ተመልሰው ዲግሪያቸውን እንዲጨርሱ ወጪውን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፤ በጨዋታ ለደረሰ ጉዳትም ከወጣህ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሕክምናህን ይሸፍናሉ። ይህን ለአባትህ በዝርዝር ንገራቸው። ብዙ ወላጆቻችን ይህን ስፖርት የሚያውቁት ልጃቸው ሲወድቅ በማየት ብቻ ነው፤ ፍርሃታቸውን የሚያቀለው መረጃ ነው።

ስታንፎርድ የነበረው አንድሩ ላክ በ2011 ድራፍት አንደኛ እንደሚመረጥ እየተነገረለት የአርክቴክቸር ዲዛይን ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ዓመት ተመልሶ ተጫውቷል፤ በ2012ም አንደኛ ሆኖ ተመርጧል። ለኤንኤፍኤልና ለዲግሪ አብሮ መሥራት እንደሚቻል ለአባትህ ለማስረዳት ይህን ተጠቀምበት፤ ላንተ ግን የሱ ዋጋ ከወዲሁ የተቆረጠ እንደነበር አትርሳ።

ሐኪሙን በዚህ ሳምንት ያዝ። ቀጠሮው ላይ አባትህን ይዘሃቸው ሂድ፤ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይጠይቁ። መልሱ «አትጫወት» ከሆነ በዚያው ቀን ራስህ አሰልጣኝህ ቢሮ ገብተህ ፊት ለፊት ንገረው፤ በስልክ መልእክት አይሁን፣ በኤጀንትም በኩል አይሁን። ያንተን ቦታ የሚይዘው ልጅ ሙሉ የልምምድ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ አንተም ከቡድኑ ጋር ተጉዘህ ከሜዳው ዳር ሆነህ ምልክት ስጠው። «ተጫወት» ከሆነ ደግሞ የኢንሹራንሱን ነገር ከጨዋታው በፊት ጨርስ፣ መርፌውን እምቢ በል፣ ግባ። የኤምአርአይ ውጤቱን እንዳገኘህ ጻፍልኝ፤ ኤጀንት ሲመረጥ ምን ምን እንደሚጠየቅ ያኔ በዝርዝር እነግርሃለሁ።