ጥያቄና መልስ፦ በአፍ የሚሰጥ የወፍ ጉንፋን ክትባት

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ 200 የ21 ቀን ጫጩቶች አሉኝ። በባክቴሪያ የተሠራ፣ በአፍ የሚሰጥ የወፍ ጉንፋን ክትባት አለ ሲሉ ሰማሁ። ከፈንግሉ ክትባት ጋር በውሃ ልስጣቸው?

መልስ፦ ገና በምርምር ላይ ያለ ስለሆነ፣ "አለኝ" የሚል ነጋዴ ቢገጥምዎ አይግዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እንደ ላክቶኮከስ ላክቲስ ያለ፣ አይብ ለመሥራት የሚያገለግል ባክቴሪያ የቫይረሱን የላይኛውን ፕሮቲን፣ ሄማግሉቲኒንን፣ እንዲያመርት ይደረጋል። ጫጩቷ ስትውጠው በአንጀቷ ሽፋን ላይ መከላከያ እንዲፈጠር ይጠበቃል። መርፌ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያለማቋረጥ በውሃ የሚበጠብጥ ቤት (ስንቱ ነው!) ባክቴሪያውን ሥራውን ሳይጀምር ሊገድለው ይችላል።

የፈንግል ክትባት የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም፤ ቫይረሶቹ የተለያዩ ናቸው። ቢሾፍቱ የሚመረተውን ላሶታ (ሕያው የፈንግል ክትባት) ግን አይተዉ። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው የቧንቧው ክሎሪን ነው፤ ሕያው ክትባትን ይገድላል። ስለዚህ ውሃውን በፕላስቲክ ባልዲ ክፍቱን ያሳድሩት። ለእርስዎ ጫጩቶች 4 ሊትር ገደማ ይበቃል። ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት በሊትር 2.5 ግራም ይበጥብጡበትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ክትባቱን ይጨምሩ። ማጠጫዎቹን በንጹህ ውሃ ብቻ ይጠቡ፤ በረኪናም ሳሙናም አይንካቸው። ጠዋት ውሃ ከልክለው ለ2 ሰዓት ያህል ያስጠሟቸው፤ ፀሐይ ከጠነከረ 1 ሰዓት ይበቃል። ማጠጫ ካነሰ ደካሞቹ ተገፍተው ሳይጠጡ ይቀራሉ፤ የበሽታው መግቢያም እነሱ ናቸው። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣውን ይድፉት።