ወደ ሳነቴ ለምትወጡ፦ ስለ ብርድ ጠይቁኝ

ሰላም ሀዋሳዎች። ባሌ የሚሄደው ቡድን በውስጥ መስመር ስላጨናነቀኝ እዚሁ ልመልስ። ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) አስተምራለሁ። የበሽታ መከላከያ ሴሎችም በብርድ ጊዜ እጃቸው አለበት ብዬ ነበር፣ ከእሱ እንጀምር። ሳነቴ፣ የባሌ ተራሮች አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አረቄ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የበሽታ መከላከያ ሴል ከብርድ ጋር ምን አገናኘው? ሥራው ጀርም መግደል አይደል እንዴ?

መልስ፦ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር! ሲበርድህ ነርቮችህ ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይረጫሉ። ቡናማ ስብ ያ ሲደርሰው እየነደደ ሙቀት ይሰጣል፣ ጡንቻ ሳይንቀጠቀጥ ማለት ነው። ሕፃናት ላይ በደንብ አለ፤ አዋቂም ላይ እንደሚሠራ በ2009 (በፈረንጆቹ) ተረጋግጧል። ስቡ ውስጥ ደግሞ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይኖራሉ። በ2011 አንድ ጥናት ኖርአድሬናሊኑን እነሱም ያመርታሉ አለ። እኔም አምኜ አስተማርኩት። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲፈትሹ የሚረባ መጠን አጡ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ጭራሽ ነርቭ ላይ የተለጠፉት ማክሮፌጆች ኖርአድሬናሊኑን ስበው እንደሚያፈርሱት አሳየ። ምድጃው ላይ እንጨት የሚጨምሩ ሲመስሉን እንጨት የሚቀንሱም አሉባቸው። አይኤልሲ2 የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ግን ነጩ ስብ እንደ ቡናማው እንዲያሞቅ ይገፋፉታል። አብዛኛው የታየው አይጥ ላይ ነው፣ ይህን እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ እና መከላከያ የሚጨምር ቫይታሚን ልውሰድ?

መልስ፦ ጃኬት ውሰጂ።

ጥያቄ፦ ስለ ብርድ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ስለ ብርድ ምኑን? ለይታችሁ ጠይቁ።

አንድ አባል፦ አባቴ ሳነቴን ያቋረጡት በአረቄ ነው፣ ምንም አልሆኑም።

ሌላ አባል፦ እሳቸው ተረፉ ማለት መድኃኒት ነው ማለት አይደለም።

አንድ አባል፦ እዚህ ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበሉ ስለ ብርድ ማውራት ቀላል ነው።

ሌላ አባል፦ እዚያው ባሌ ጎባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ ወንድሜ።

መልስ፦ ተዉ እንጂ! አረቄ የቆዳን የደም ሥር ያሰፋል፣ የውስጥ ሙቀት ይወጣል። ሰውየው ሞቀኝ እያለ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ አንድ መለኪያ ብቻስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ዝም ካለ ሞቀው ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል! ብርዱ ላይ እንዳለ መንቀጥቀጡ ቆሞ ምላሱ ከተሳሰረ ሰውነቱ ከ35 ዲግሪ በታች በጣም ወርዷል። ከንፋስ አስጠልሉት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። የደነዘዘ ጣቱን እንዳታሹት። አረቄም እንዳትሰጡት።