ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መመለሱ ነው የሚከብደው

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ዋናው ክላስተራችሁ (አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች) ደሴ፣ መጠባበቂያው ኮምቦልቻ ነው። ፌይልኦቨሩን፣ ማለትም ዋናው ሲቆም ሥራውን ወደ መጠባበቂያው ማዛወሩን፣ ሞክራችሁት ሠርቷል። የጨነቀህ መመለሻው ነው፤ «ደሴ መብራት ሲመጣ የኮምቦልቻውን አጥፍቼ የደሴውን ባበራ አይበቃም?» ብለሃል። አይበቃም። ዳታ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

እኛም እንደናንተ ሃይፐር-ቪ ነው ያለን፤ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቪኤሞችን (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን) የሚያስነሳው የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር። አንድ ሐምሌ ጠዋት ደሴ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም አለቀ። ኮምቦልቻ ላይ ፌይልኦቨር አደረግን። የኮምቦልቻና የሐይቅ ቅርንጫፎች በሩብ ሰዓት ሥራ ቀጠሉ። ደስ አለን። ከምሳ በኋላ ደሴ መብራት መጣ። ሰርቨሩ ተነሳ፤ አሮጌውን ቪኤምም ማንም ሳይነካው አብሮ አስነሳው። የደሴው ዲ ኤን ኤስ (የሰርቨርን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው) የድሮውን አድራሻ ስለሚሰጣቸው የደሴ ካሸሮች በአሮጌው፣ ሌሎቹ በኮምቦልቻው ሲሠሩ ዋሉ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ደረሰኞች ተገኙ። ከዚያ ሌላም፣ ሌላም። ሁለቱም ዳታቤዝ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ይቆጥር ነበርና። የደረሰኝ ጥራዞቹን በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት አውጥተን ደሴ አመጣናቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያነበብን በእጅ አስገባን።

ስለዚህ ፌይልኦቨር እንዳደረግህ ደሴ ያለው ሰው ወደ ራኩ (ወደ ሰርቨሮቹ መደርደሪያ) የሚሄደውን ብሬከር ያውርደው። መብራት ሲመጣ አንተ ቆመህ አስነሳው። መጀመሪያ ግን ቪኤሞቹ ወደ ኔትወርክ የሚወጡበትን ገመድ ከስዊቹ ንቀል።

ቀጥሎ የደሴውን አሮጌ ቪኤም አጥፋና ዲስኩን ለብቻ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሪፕሊኬሽኑ (የደሴውን ለውጥ ወደ ኮምቦልቻ የሚገለብጠው) በየ30 ሴኮንድ፣ በየ5 ወይም በየ15 ደቂቃ ነው የሚልከው። መብራት ከመሄዱ በፊት ተመዝግቦ ያልተላከ ነገር ካለ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሪፕሊኬሽኑን ከገለበጥክ በኋላ ግን የኮምቦልቻው ይጻፍበታል።

ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪቨርስ ሪፕሊኬሽን (በተቃራኒው አቅጣጫ መገልበጥ) ጀምር፤ ያለውን የደሴ ቪኤም እንደ መነሻ ኮፒ ይጠቀም። እንደ አዲስ ይላክ ካልከው 500 ጊጋባይት በ50 ሜጋቢት መስመር፣ መስመሩ ሙሉውን ቢሰጥህ እንኳ፣ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አለቆች «ቶሎ መልሱት» ይሉሃል፤ እሺ አትበል። ኮምቦልቻ ደህና እስከሠራ ድረስ ሰው ሥራው አልተጓደለበትም።

ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ማታ ላይ ፕላንድ ፌይልኦቨር (በዕቅድ የሚደረገውን ዝውውር) አድርግ። የኮምቦልቻው ቪኤም በሥርዓት ይዘጋል፣ የመጨረሻው ለውጥ ይላካል፣ ደሴ ላይ ይነሳል። እዚህ የሚጠፋ ዳታ የለም። የዲ ኤን ኤሱን ቲቲኤል (ኮምፒውተሮች ያገኙትን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ከአንድ ቀን በፊት ወደ 5 ደቂቃ አውርደው። ዶሜይን ኮንትሮለሩን (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረውን ሰርቨር) በዚህ መንገድ አታመላልሰው፤ በየከተማው አንድ አንድ ይኑርህ፣ እርስ በርስ ራሳቸው ይነጋገራሉ።

ከአንዲት ትንሽ ቪኤም ጋር መሄዱንም መመለሱንም ሞክረው። የዲስካችሁን መጠንና የመስመራችሁን ስፋት ጻፍልኝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አብረን እናሰላለን።