"ከአጥራችን ጀርባ ሜዳ ነው፣ ሰደድ እሳት ይደርስብናል ወይ?"

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ የምኖረው ሜልበርን ምዕራቡ በኩል ታርኒት ነው፣ ከአጥራችን ጀርባ ቤት የለም፣ ባዶ ሜዳ ነው፣ ሳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ከሩቅ ጭስ አይተን ደነገጥንና ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ባለቤቴ "እኛ ከተማ ነን፣ ሰደድ እሳት ጫካ ውስጥ ላሉት ነው" ይላል። እናቴ ከሀገር ቤት ከመጣች 6 ወሯ ነው፣ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሷ ደሞ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እየመቱ ማጥፋት እንጂ ቤት ጥሎ መሄድ ምንድነው" ትላለች። ቀን ቀን እኔ ስራ ነኝ፣ ከሁለት ልጆቼ ጋ የምትውለው እሷ ናት። ማናችን ነን ልክ? ደሞ ጓሮ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ይከለከላል የሚሉት እውነት ነው?
የታርኒቷ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ያለውን ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ከሱ ልጀምር። በፈረንጆቹ 2003 ጃንዋሪ 18 እሳቱ የገባው ዋና ከተማው ካንቤራ ውስጥ ነው፣ 4 ሰው ሞቶ ወደ 500 የሚጠጋ ቤት ወድሟል፣ አስፋልትና የመንገድ መብራት ያለው ሰፈር ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 እዚሁ ክልላችን ቪክቶሪያ ውስጥ 173 ሰው ሲሞት አብዛኛው ገጠር ነበር፣ ግን ቤንዲጎ ከተማም ቤቶች ተቃጥለዋል። በ2019 ዲሴምበር መጨረሻ ደሞ እሳቱ እዚሁ ሜልበርን፣ ቡንዱራ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ነበር።

እናትሽ "ሳይቃጠል" ያሉት ላይ እስማማለሁ፣ ቅጠሉ ላይ ነው የማልስማማው። የሳር እሳት ሜዳ ላይ በሰአት እስከ 25 ኪሎሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ ሰው ሮጦ አያመልጠውም፣ ደሞ ነበልባሉ ሳይነካሽ ሙቀቱ ብቻ ይገድላል። ንፋሱንም እወቁት፣ እዚህ በጣም በሚሞቅበት ቀን ከሰሜን ይነፍስና በኋላ ድንገት ከደቡብ ምዕራብ ቀዝቃዛው ይመጣል፣ ሰው "እፎይ በረደልን" ሲል የእሳቱ ጎን የነበረው በሙሉ ዞሮ ፊት ይሆናል፣ በ2009ም የሆነው ይሄው ነው። ስለዚ ከናንተ በተቃራኒ እየሄደ ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እናንተ እንደ ጫካ ሰው ብዙ ኪሎሜትር መሸሽ ላይጠበቅባችሁ ይችላል፣ ሜዳው ዳር ላለ ሰው ትልቁ ነገር ከሳሩ ርቆ ቢያንስ ሁለት መንገድ አልፎ ወደ ሰፈሩ ውስጥ መግባት ነው። መኪና የሌላቸው እናትሽም ይሄን በእግራቸው ይችሉታል፣ ግን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ዛሬ ማታ እጃቸውን ይዘሽ ከልጆቹ ጋ ሂዱ፣ በየት በኩል እንደሚታጠፉ፣ የትኛው ጎረቤት በር እንደሚንኳኳ አሳያቸው። የቀኑ የእሳት አደጋ ትንበያ "ኤክስትሪም" ወይ ከሁሉ የከፋውን "ካታስትሮፊክ" ካለ ግን ጭስ አትጠብቁ፣ ጠዋቱኑ ወደ መሀል ከተማ ዘመድ ጋ ይዋሉ።

የቪክቶሪያን የአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ የቪክኢመርጀንሲ አፕ፣ ስልካቸው ላይ ጫኚላቸው። ፅሁፉን ባያነቡም ቀለሙን ያውቁታል፣ ቢጫ ሶስት ማዕዘን ነገሩን ተከታተሉ ነው፣ ብርቱካናማ ከሆነ አሁኑኑ መንቀሳቀስ ነው፣ ቀይ ማለት አደጋው ደርሷል። የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 000 ሲደውሉ "ፋየር" ቀጥሎ "አምሃሪክ" ይበሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። የቤታችሁን አድራሻ በትልቁ ፅፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ፣ ሰው ሲደነግጥ የራሱን ቤት ቁጥር ይረሳል። ለመረጃ ብቻ ከሆነ 131 450 የአስተርጓሚ ስልክ ነው፣ ከዛ ቪክኢመርጀንሲ 1800 226 226 ጋ አገናኙኝ ማለት ነው።

ቤቱን በተመለከተ፣ ብዙ ቤት የሚቃጠለው ንፋስ ይዞት በሚመጣ ፍም ነው። መሰላል አስደግፋችሁ አሸንዳው ውስጥ እጃችሁን ክተቱ፣ ያ በጣት ሲነካ ዱቄት የሚሆነው ቅጠል ነው አንዲት ፍም የምትጠብቀው። እሱን ጥረጉ፣ ካርቶንና እንጨት ከአጥሩ ስር አንሱ፣ ሳሩን ከ10 ሳንቲሜትር በታች እጨዱ። ሜዳው የናንተ ባይሆንም የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ ጋ ደውይ፣ ባለቤቱን እጨድ ብሎ ማስገደድ ይችላል።

ስትወጡ የምትይዙት ቦርሳ ውስጥ ፓስፖርት፣ መድሃኒት፣ ቻርጀርና ውሃ ይግባ። ልብስ ረጅም እጅጌ ያለው ጥጥ ወይ ሱፍ ይሁን፣ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ የእናትሽ ጋቢ ንፁህ ጥጥ ከሆነ በር አጠገብ ይቀመጥ። ጭስ ብቻ ሲመጣ መስኮት ዝጉ፣ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ኩለር አጥፉ፣ የውጪውን አየር ነው ስቦ የሚያስገባው። ማስክ ፒ2 ወይ ኤን95 ካልሆነ አይጠቅምም።

ቡናው፣ አዎ እውነት ነው። "ቶታል ፋየር ባን" የሚባለው የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን ጓሮ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው፣ በገዛ ግቢሽም ቢሆን፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ገና እና ጥምቀት እዚህ የበጋው እምብርት ላይ ስለሚውሉ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ። ግን እባክሽን እህቴ፣ ውጪ ተከለከለ ብላችሁ ከሰሉን ወደ ቤት አታስገቡት፣ በተለይ ለጭሱ መስኮት በተዘጋበት ቀን፣ ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላችኋል። የዛን ቀን ጀበናውን ስቶቭ ላይ ጣዱት።

ከእናትሽ ጋ እነዛን ሁለት መንገዶች ሄዳችሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው ፃፊልኝ።