መልስ፦ የቤት ብድር ኖቴን ሙሉውን ሳልሸጥ ገንዘብ ማግኘት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ ከኖቱ፣ ማለትም ቤትህን የገዛው ሰው ዕዳውን በየወሩ ሊከፍልህ ከፈረመልህ ሰነድ፣ ከፊሉን ብቻ ሽጥ። እንዳልከው አሜሪካ ያለውን ቤትህን በዱቤ የገዛህ ሰው በየወሩ 600 ዶላር የሚከፍልህ ከሆነ፣ የሚቀጥሉትን 60 ክፍያዎች ሸጠህ ከዚያ በኋላ ያለውን ለራስህ ታስቀራለህ። ኖቱን የሚገዛው በዓመት 10 በመቶ ትርፍ ከፈለገ፣ ለ36,000 ዶላሩ ዛሬ የሚሰጥህ 28,200 ገደማ ነው።

የተፈረመበትን ዋናውን ኖት፣ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) የተመዘገበውን የመያዣ ውል፣ የቤቱን ኢንሹራንስና ክፍያው መግባቱን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት አዘጋጅ። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ስትቀበል ከነበረ ማስረጃ የለህምና ዋጋው ይወርዳል።

አደራ፣ ገንዘቡ ኤስክሮ (ሽያጩ እስኪያልቅ ገንዘቡን የሚይዝ ገለልተኛ ወገን) ሳይገባ ዋናውን ኖት ለማንም እንዳትሰጥ። ቤቱን የገዛው ሰው መክፈል ቢያቆም ኪሳራው የማን እንደሆነ የሚለውንም አንቀጽ ከመፈረምህ በፊት ለጠበቃ አሳይ።